ሲምኤች አራተኛው እትም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አሮጌ ኮምፒውተሮችን በሶፍትዌር ለሚያስነሡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አብዛኛው ጥያቄ የሚመጣው ሦስተኛውን እትም ለዓመታት ሲጠቀም ኖሮ ወደ አራተኛው ከተሻገረ ሰው ነው፤ ጀማሪም ግን የመጀመሪያዎቹን መልሶች ካነበበ ሌላውን መከተል አያቅተውም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ስትተይቡ ግን በላቲን ፊደል ነው።

ሲምኤች ምንድን ነው?

እንደ ፒዲፒ-8፣ ፒዲፒ-11፣ ቫክስ፣ አይቢኤም 1401 እና አልቴር 8800 ያሉ ማሽኖችን ዛሬ በእጃችሁ ባለው ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሣ ነጻ ሶፍትዌር ነው። በ1993 የጀመሩት በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ይሠሩ የነበሩት ቦብ ሱፕኒክ ሲሆኑ፣ መነሻቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጻፈ ሚሚክ የሚባል ሲሙሌተር (አንድን ማሽን በሌላ ላይ አስመስሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ነበር። በሲ ቋንቋ ስለተጻፈ በዊንዶውስም በሊነክስም በማክም ላይ ይሠራል።

ከመጀመሪያው መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሲምኤች አንድ ፕሮግራም ሳይሆን የብዙ ፕሮግራሞች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ፕሮግራም አለው፤ ሁሉም የሚጋሩት የትእዛዝ መቀበያውን ነው። ስለዚህ ፒዲፒ-8ን የለመደ ሰው ቫክስ ላይ ሲቀመጥ ብዙም እንግዳ አይሆንም።

በአራተኛው እትም ምን ተለወጠ?

አሮጌው ማሽን እንዳለ ነው፤ እንዲለወጥም ማንም አይፈልግም። በ1970 የወጣው ፒዲፒ-11 የነበሩት ኢንስትራክሽኖች (ፕሮሰሰሩ የሚፈጽማቸው ነጠላ ትእዛዞች) ዛሬም እነዚያው ናቸው። ሥራው የተሠራው በአሮጌው ማሽንና በእናንተ ኮምፒውተር መካከል ባለው ክፍል ላይ ነው፦ ጊዜ አቆጣጠሩ፣ ዲስክ አያያዙ፣ ኔትወርኩ፣ ኮንሶሉ (ማሽኑ የሚታዘዝበት ተርሚናል)።

የማሽኖቹ ዝርዝርም ረዝሟል። ቫክስ-11/730 እና 11/750፣ ቫክስ 8600፣ ሌሎች ባለ36 ቢት የፒዲፒ-10 ሞዴሎች፣ በሮውዝ ቢ5500፣ የሶቪየቱ ቤስም-6፣ በ1948 ማንችስተር ላይ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያስኬደው ባለ32 ቃል ሜሞሪው «ቤቢ» ሳይቀር ገብተዋል። ለታሪክ ወዳድ ትልቅ ድግስ ነው። በየቀኑ አንድ ማሽን ብቻ ለሚያስነሣ ሰው ግን ቁም ነገሩ ከዚህ በታች ያለው ነው።

ሁለት ሲምኤች አለ ይባላል፤ የቱን ላውርድ?

እውነት ነው፣ በ2022 ፕሮጀክቱ ለሁለት ተከፍሏል። የጭቅጭቁ መነሻ አራተኛው እትም ዲስክ ሲያያዝለት ስለ ዲስኩ ዓይነትና መጠን የሚገልጽ መረጃ በፋይሉ መጨረሻ ላይ መጻፍ መጀመሩ ነበር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሙሌተሩ ዲስኩ ምን እንደሆነ ራሱ ያውቃል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ከሃምሳ ዓመት በፊት ከነበረ ዲስክ የተቀዳ ፋይል ቅርስ ነው፤ ሳልፈቅድ አንድ ባይት አይጨመርበትም» አሉ። ከዚያ የአንዳንዶቹ የኮድ ፋይሎች ፈቃድ ላይ ገደብ ሲጨመር፣ ሌሎቹ ኦፕን ሲምኤች የሚል ቅርንጫፍ አውጥተው ብዙ ገደብ በሌለው የኤምአይቲ ፈቃድ ቀጠሉ።

አዲስ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ኦፕን ሲምኤችን ነው፤ ፈቃዱ የማያሻማ ነው፣ የሚመራውም በቡድን ነው። እስከ 2022 ያለው ኮድ የጋራ ስለሆነ እዚህ ገጽ ላይ የተጻፈው በአብዛኛው ለሁለቱም ይሠራል።

በነገራችን ላይ፣ ከሊነክስ የፓኬጅ ማከማቻ በቀጥታ የሚጫነው ብዙ ጊዜ አሮጌው ሦስተኛ እትም ነው። ሾው ቨርዥን ብላችሁ ሳታረጋግጡ «ይህ ትእዛዝ የለም አለኝ» ብላችሁ አትበሳጩ።

ታዲያ የዲስክ ፋይሌ እንዳይነካ ምን ላድርግ?

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ አታች በሚለው ትእዛዝ ላይ የአር ምልክትን (ሰረዝና አር) ጨምሮ ፋይሉን ለንባብ ብቻ ማያያዝ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ሲነሡ ዲስካቸው ላይ መጻፍ ስለሚፈልጉ ያኮርፋሉ።

ሁለተኛው የአራተኛው እትም ስጦታ ነው። ከድሮው የሲምኤች ፎርማትና ከጥሬው ፎርማት ሌላ አሁን ቪኤችዲ የተባለው የቨርቹዋል ዲስክ ፎርማትም ይሠራል። መጀመሪያ በሲ ምልክት የድሮውን ፋይል ወደ ቪኤችዲ ትገለብጡታላችሁ። ቀጥሎ በዲ ምልክት የልዩነት ዲስክ ትፈጥራላችሁ። ከዚያ በኋላ አሮጌው ሲስተም የሚጽፈው ሁሉ የሚቀመጠው በልዩነት ዲስኩ ላይ ብቻ ነው፤ ወላጁ (መጀመሪያ የገለበጣችሁት ቪኤችዲ) ንክች አይልም። ሙከራችሁ ካልተሳካ የልዩነት ፋይሉን ሰርዛችሁ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ከተሳካና እንዲጸና ከፈለጋችሁ ደግሞ የኤም ምልክቱ ልዩነቱን ከወላጁ ጋር ያዋህደዋል። ማስጠንቀቂያ፦ የልዩነት ዲስክ ከተፈጠረ በኋላ ወላጁን ለብቻው አያይዛችሁ ብትጽፉበት ሁለቱ አይተዋወቁም፤ ሲሙሌተሩም አላያይዝም ይላችኋል።

ለትንንሾቹ ዲስኮች ይህ ሁሉ አያስፈልግም። አንድ አርኬ05 ዲስክ 2.5 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ያህል። ኮፒ አድርጋችሁ ዋናውን አስቀምጡት።

ሲሙሌተሩን ስከፍት ላፕቶፔ ይግላል፣ ማራገቢያው አያርፍም። ለምን?

ምክንያቱም አሮጌው ማሽን ማረፍ አያውቅም ነበር። የሚሠራው ሲያጣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወይ ባዶ ዙር ይዞራል፣ ወይ የሆነ ነገር እስኪመጣ ይጠብቃል፤ መብራት ሲበላ ግን ያው ነው። ሲሙሌተሩም ይህንኑ ባዶ ዙር በተቻለው ፍጥነት ሁሉ ያስኬድላችኋል። አንድ የፕሮሰሰር ኮር መቶ በመቶ ተይዞ የሚሠራው ግን ምንም ነው።

መፍትሔው ሴት ሲፒዩ አይድል የሚለው ትእዛዝ ነው። ሲሙሌተሩ እንግዳው ሲስተም (በውስጡ የሚሠራው አሮጌ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሥራ የፈታበትን ምልክት ይፈልጋል፤ ሲያገኝ የሚቀጥለው ክስተት እስኪደርስ ድረስ ኮምፒውተራችሁን ያሳርፈዋል። ፒዲፒ-11 ላይ ምልክቱ ዌይት የሚባለው ኢንስትራክሽን ስለሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ቫክስ ላይ ግን እያንዳንዱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ የሚፈታበት መንገድ የተለያየ በመሆኑ ቪኤምኤስ፣ አልትሪክስ ወይም ኔትቢኤስዲ ብላችሁ መንገር አለባችሁ። ስሙን ካሳሳታችሁ ሲስተሙ ይነሣል፣ ላፕቶፑም መጋሉን ይቀጥላል።

ትእዛዙን ሰጥታችሁ ወዲያው ለውጥ ካላያችሁ አትቸኩሉ። ሲሙሌተሩ ማረፍ ከመጀመሩ በፊት የኮምፒውተራችሁን ፍጥነት ከእንግዳው ሲስተም ሰዓት ጋር ማመሳከር ስላለበት ጥቂት ሴኮንዶች ይወስድበታል።

ዌይትን የማይጠቀም ፕሮግራም ከሆነ የምታስኬዱት፣ ለምሳሌ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብቻውን የሚሠራ ጨዋታ፣ አይድል አይረዳም። ያኔ ሴት ትሮትል አለ፤ በሴኮንድ ይህን ያህል ሺህ ወይም ሚሊዮን ኢንስትራክሽን ብቻ አስኪድ፣ ወይም ከኮምፒውተሩ አቅም ይህን ያህል በመቶ ብቻ ተጠቀም ማለት ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም፤ አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል።

ትሮትል ካደረግኩት ፍጥነቱ ልክ እንደ ድሮው ማሽን ይሆናል?

አይሆንም፤ ይህን ቃል የሚገባላችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ሲምኤች የሚመስለው በኢንስትራክሽን ደረጃ ነው። የዲስክና የቴፕ መዘግየትንም የሚቆጥረው በኢንስትራክሽን ብዛት ነው። እውነተኛው ማሽን ላይ ማባዛት ከመደመር በላይ ጊዜ ይወስድ ነበር፤ እዚህ ሁለቱም እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ትሮትል የሚያስተካክለው አማካዩን ብቻ ነው። ለሶፍትዌር ጥናት ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ዙር እየቆጠረ ጊዜ ለሚለካ ፕሮግራም ግን አይሆንም።

የድሮውን ጊዜ ስሜት ማግኘት ከፈለጋችሁ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የተርሚናሉን መስመር ፍጥነት ገድቡ፤ አራተኛው እትም ይህንንም ይፈቅዳል። ኤኤስአር-33 ቴሌታይፕ የሚያትመው በሴኮንድ 10 ፊደል ነበር። በዚህ ፍጥነት አንድ የፋይሎች ዝርዝር አስወጡና ተቀምጣችሁ ጠብቁ። ብዙዎቹ የዩኒክስ ትእዛዞች ለምን ሁለት ፊደል ብቻ እንደሆኑ፣ ኢዲ የሚባለው ጽሑፍ ማረሚያም ስትሳሳቱ ለምን የጥያቄ ምልክት ብቻ አሳይቶ ዝም እንደሚል ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።

ሴንድ እና ኤክስፔክት ምን ይጠቅሙኛል?

ከአራተኛው እትም አንድ ነገር ብቻ ውሰድ ብባል የምወስደው ይህን ነው። ቀድሞ አሮጌ ሲስተምን በራሱ እንዲነሣ ለማድረግ ከውጭ ሌላ ፕሮግራም ጽፎ በቴልኔት (በኔትወርክ በኩል በሚደረግ የተርሚናል ግንኙነት) ማገናኘት ያስፈልግ ነበር። አሁን ሲሙሌተሩ ራሱ ኮንሶሉን ያነባል፣ ራሱም ይተይባል።

የ1975ቱን ስድስተኛ እትም ዩኒክስ እንውሰድ። ከአርኬ0 ዲስክ ሲነሣ መጀመሪያ የ@ ምልክት ብቻ ያሳይና ይቆማል። ዩኒክስ ብላችሁ ትተይቡለታላችሁ። ቀጥሎ ሎግኢን ይላል፤ ሩት ትሉታላችሁ፤ በመጨረሻ # ይመጣል። በዱ ፋይላችሁ (የሲሙሌተሩ ትእዛዞች በተራ በተጻፉበት ፋይል) ውስጥ ከቡት ትእዛዙ በፊት ሁለት የኤክስፔክት መስመር ታስቀምጣላችሁ። አንዱ @ን ሲያይ ዩኒክስ የሚለውን ከመስመር መጨረሻው ጋር ይልካል፣ ሌላው ሎግኢንን ሲያይ ሩትን ይልካል። ቡና ቀድታችሁ እስክትመለሱ # ይጠብቃችኋል።

ሰው ሁሉ የሚወድቅባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛ፣ የሚጠበቀው ጽሑፍ ሲገኝ ሲሙሌተሩ ይቆማል፤ ስለዚህ ከሴንዱ በኋላ በዚያው መስመር ላይ ኮንቲኒው ካላላችሁ ማሽኑ ቆሞ ይቀራል። ሁለተኛ፣ አንድ ኤክስፔክት አንዴ ከሠራ በኋላ ይጠፋል፤ በተደጋጋሚ እንዲሠራ የፒ ምልክት ያስፈልገዋል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚያጉረመርምበት ፊደል መጥፋቱ ነው። አሮጌው ተርሚናል መቀበያ ፊደሎችን የሚያጠራቅምበት ቦታ አልነበረውም፤ አንዱን ሳያነሣ ሌላው ከደረሰ የመጀመሪያው ይጠፋል። በሴንድ ላይ ዲሌይ የሚለውን ከፍ አድርጉት። የዲሌዩ ቁጥር ማይክሮሴኮንድ እንዲሆን በቲ ምልክት ካላዘዛችሁ በቀር የሚቆጠረው በኢንስትራክሽን ነው። እንደዚያው ተዉት እላለሁ፤ ፋይላችሁን ወደ ፈጣን ኮምፒውተር ስትወስዱ ልኩ አይዛባም።

ባክስፔስ አይሠራም፣ ኮንትሮል-ሲም አያቋርጥም። የአዲሱ እትም ስህተት ነው?

አይደለም፤ ያ ዩኒክስ እንዲህ ነበር። በስድስተኛውና በሰባተኛው እትም ዩኒክስ የመጨረሻውን ፊደል የሚያጠፋው #፣ መስመሩን ሙሉ የሚሰርዘው @፣ ፕሮግራም የሚያቋርጠው ደግሞ ዲሊት ነው። በስድስተኛው እትም ሲዲ የሚባል ትእዛዝም የለም፤ ሲኤችዲር በሉት።

ከእንግዳው ሲስተም ወጥታችሁ ወደ ሲሙሌተሩ ትእዛዝ መቀበያ ለመመለስ ኮንትሮል-ኢ ነው። ዩኒክስ ከሆነ ግን ከዚያ በፊት ሲንክ ማለትን አትርሱ፤ ሜሞሪ ውስጥ ያለው ወደ ዲስኩ ሳይጻፍ ብትወጡ የፋይል ሲስተሙ ይበላሻል።

ከኔትወርክ ጋር እንዴት ላገናኘው?

ቀድሞ የነበረው መንገድ ፒካፕ በተባለው ላይብረሪ በኩል ከኔትወርክ ካርዱ ጋር በቀጥታ መገናኘት ሲሆን፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል። አሁን ናት የሚባለው፣ ግንኙነቱን በኮምፒውተራችሁ በኩል የሚያስተላልፈው መንገድ ተጨምሯል፤ ኤክስኪው የተባለውን የኢተርኔት ካርድ ከናት ጋር ካያያዛችሁ ያለ ምንም ልዩ ፈቃድ እንግዳው ሲስተም ወደ ውጭ ይወጣል። ከውጭ ወደ እሱ ለመግባት ደግሞ የትኛው ፖርት ወዴት እንደሚተላለፍ በዚያው መስመር ላይ ይጻፋል። ቲሲፒ/አይፒ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ናት ይበቃዋል።

ዴክኔትን፣ ማለትም የዲጂታል ኩባንያን የራሱን የኔትወርክ ሥርዓት፣ ለሚፈልግ ግን አይበቃም። አራተኛው የዴክኔት ምዕራፍ ሲነሣ የካርዱን አድራሻ ራሱ ይለውጠዋል፤ አድራሻው ኤኤ-00-04-00 ብሎ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ስለዚህ በፒካፕ ወይም በታፕ (በሶፍትዌር በተሠራ የኔትወርክ ካርድ) በኩል እውነተኛ የኢተርኔት ፍሬም (የመረጃ ጥቅል) ማለፍ አለበት። በዋይፋይ ሞክራችሁ «ምንም አይመጣም» ብላችሁ ከሆነ ጥፋቱ የሲሙሌተሩ አይደለም፤ አብዛኛው የዋይፋይ መሣሪያ የማያውቀው አድራሻ ያለውን ፍሬም ይጥለዋል። ኬብል ተጠቀሙ።

የቴልኔት ፖርቱን ለኢንተርኔት ክፍት አድርጋችሁ አትተዉ። እነዚህ ሲስተሞች የተጻፉት ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ዘመን ነው፤ የይለፍ ቃሉም ሳይመሰጠር ነው የሚያልፈው።

አሲንክሮነስ አይኦ የሚባለውን ላብራው ወይስ ላጥፋው?

በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ በርቶ ይመጣል፤ ተዉት። ያለ እሱ ሲሙሌተሩ ፋይል ሲያነብ ፕሮሰሰሩም አብሮ ይቆማል፤ ሲበራ ንባቡ በሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሠራ የፕሮግራሙ ክፍል) ይካሄዳል። ከባድ የዲስክ ሥራ ያለበት ቫክስ ላይ ልዩነቱ ይታያል። የማጠፋው ስህተት ስፈልግ ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ አስኬጄ አንድ ዓይነት ውጤት ማግኘት ስፈልግ ሴት ኖአሲንክ እላለሁ።

ሲስተሙ ሲነሣ ይወድቃል። ምን ላይ እንደወደቀ እንዴት አውቃለሁ?

ሴት ሲፒዩ ሂስትሪ ብላችሁ ከመነሻው በፊት አንድ ሺህ ያህል ኢንስትራክሽን እንዲያስታውስ እዘዙት። ሲወድቅ ሾው ሲፒዩ ሂስትሪ በሉ፤ የመጨረሻዎቹ ኢንስትራክሽኖች ተተንትነው ይወጣሉ። እውነተኛው ማሽን ፊት የቆመ መሐንዲስ ይህን ለማየት አምፖሎቹን እያየ አንድ በአንድ መራመድ ነበረበት። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሴት ዲበግ የእያንዳንዱን መሣሪያ ውሎ ወደ ፋይል ይጽፋል። ፋይሉ በፍጥነት ስለሚያብጥ የምትጠረጥሩትን መሣሪያ ብቻ ምረጡ።

ቫክሴ ቀኑን ይሳሳታል፤ ለምን?

የቫክስ የቀን ሰዓት ዓመት አያውቅም። ባለ32 ቢት ቆጣሪ ነው፤ በየ10 ሚሊሴኮንዱ አንድ ይጨምራል፣ ከ497 ቀን ገደማ በኋላም ይሞላል። ዓመቱን የሚያስታውሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ሲምኤች ካልተነገረው በቀር ሰዓቱን ቪኤምኤስ በሚፈልገው መንገድ ይሞላዋል። ሌላ ሲስተም የምታስነሡ ከሆነ ሲኤልኬ የተባለውን መሣሪያ ከአንድ ፋይል ጋር አያይዙት፤ ያኔ ሰዓቱ ባትሪ እንዳለው ሆኖ ለማንኛውም ሲስተም ይሠራል።

ግራፊክስስ?

አለ። ሲሙሌተሩን ከኤስዲኤል የግራፊክስ ላይብረሪ ጋር ከገነባችሁት የፒዲፒ-1 ክብ ስክሪን በመስኮት ይከፈታል፤ በ1962 የተሠራውን ስፔስዋር መጫወት ይቻላል። የፒዲፒ-11 ቪቲ11 እና የቫክስስቴሽን ስክሪኖችም አሉ። መስኮት ካልከፈተ ሲገነባ ላይብረሪውን አላገኘውም ማለት ነው።

በአምፖልና በማብሪያ የተሞላውን የፊት ፓነል ማገናኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ አራተኛው እትም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የፕሮግራም መገናኛ አለው። በራስፕቤሪ ፓይ ላይ የሚሠሩት የፒዲፒ-8 እና የፒዲፒ-11 ፓነሎችም በሲምኤች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሞቹን መጠቀም ሕጋዊ ነው?

እንደ ሲስተሙ ነው። ጥንታዊዎቹን የዩኒክስ እትሞች እስከ ሰባተኛው ድረስ ካልዴራ የተባለው ኩባንያ በ2002 ለሁሉም ፈቅዷቸዋል። ቪኤምኤስ በቫክስ ላይ ግን ችግር አለበት። ለግል ተጠቃሚ በነጻ ይሰጥ የነበረው ፈቃድ መሰጠት አቁሟል፤ ቪኤምኤስን የተረከበው ኩባንያ የሚሰጠው ፈቃድም ቫክስን አይጨምርም። ቫክስ ላይ ያለ ጭንቀት መሥራት የሚፈልግ ሰው ኔትቢኤስዲን ይጫን፤ ነጻ ነው፣ ኔትወርኩም ይሠራል።

የሦስተኛው እትም ፋይሎቼን ይዤ መሻገር እችላለሁ?

የዲስክና የቴፕ ፋይሎች ያለ ችግር ይሻገራሉ፤ ከላይ ስለ ዲስኩ ጥበቃ ያልኩትን ግን አስቀድሙ። የዱ ፋይሎችም በአብዛኛው እንዳሉ ይሠራሉ። የማይታመነው በሴቭ የተቀመጠ ፋይል ነው። ሴቭ የሚይዘው የሜሞሪውንና የመሣሪያዎቹን ሁኔታ ነው፤ በዲስኮቹ ላይ ያለውን አይጨምርም። ስለዚህ ከሴቭ በኋላ ዲስኩ ላይ ከተጻፈ ሁለቱ አይገጥሙም። በአሮጌው እትም ላይ ሪስቶር አድርጉ፣ እንግዳውን ሲስተም በወጉ ዝጉት፣ ከዚያ በአዲሱ እትም ከዲስኩ አስነሡትና አዲስ ሴቭ ያዙ።